ለድሬዳዋ ባቡር ስንቅ እንዴት ይቋጠራል? ከሰሜን ሸዋ ለሚወርድ መንገደኛ

ከደብረ ብርሃን፣ ከአንኮበር፣ ከመንዝ ወይም ከምንጃር ተነስታችሁ በባቡር ድሬዳዋ ልትወርዱ ነው? ለቁልቢ ገብርኤል ይሁን፣ ዘመድ ልትጠይቁ ወይም ዕቃ ልታመጡ፣ ጉዳዩ የእናንተ ነው። እኔ የማወራችሁ ስለ ሆዳችሁና ስለ ምቾታችሁ ነው። ሰው ትኬት እስኪቆርጥ ድረስ ይጨነቃል፤ ትኬቱ እጁ ሲገባ ሌላው ሁሉ ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም። ቀኑን ሙሉ ተቀምጣችሁ ከብርድ ወደ ሙቀት ነው የምትወርዱት። የምትበሉትን፣ የምትጠጡትንና የምትለብሱትን ካልተሰናዳችሁበት እዚያ ማንም አያሰናዳላችሁም።

ባቡሩ ላይ ውሃ፣ ለስላሳ፣ ብስኩት የመሳሰለ ነገር ይሸጥ ይሆናል። ካገኛችሁ እሰየው። ምሳችሁን ግን እሱን ተስፋ አድርጋችሁ አትውጡ። ስንቅ ከቤት ነው። ደግሞ የእኛ አገር ሰው ስንቅ ያውቅበታል። ገብሱ አለ፣ በሶው አለ፣ ቆሎው አለ። የሚቀረው ለባቡርና ለቆላ እንዲሆን አድርጎ መቋጠር ነው።

ለምን ከቤት?

የዚህ ባቡር ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ሐዲዱ እንዲዘረጋ እ.ኤ.አ. በ1894 ፈቃዱን የሰጡት እዚሁ አንጎለላ የተወለዱት አፄ ምኒልክ ናቸው። ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917፣ እሳቸው ካረፉ በኋላ ነው። በዚያ ዘመን ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። ሌሊት ስለማይጓዝ ድሬዳዋና አዋሽ ላይ ይታደራል። መንገደኛው ወርዶ ይበላል፣ ይተኛል፣ ጠዋት ይሳፈራል። የአዋሽ ጣቢያ ቡፌ ስሙ የተጠራው በዚህ ነው። ባቡሩ በቆመበት ሁሉ ደግሞ በመስኮት ፍራፍሬ የሚያቀብል ነጋዴ አይጠፋም ነበር።

አሁን ያለው ሌላ ባቡር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ተመረቀ፣ በ2018 መደበኛ ሥራ ጀመረ። የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው፤ የመንገደኛው ባቡር በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር እንዲሄድ ታስቦ ነው የተሠራው። ጣቢያዎቹ ከከተማ ወጣ ያሉ ናቸው። ስለዚህ የድሮው የመስኮት ገበያ የለም። ፍጥነት አገኘን፣ መንገድ ላይ ገዝቶ መብላትን ደግሞ አጣን ማለት ነው።

ሌላም አለ። መስመሩ የሚያልፈው በአርብቶ አደር አገር ነው። ከብትና ግመል ሐዲዱ ላይ ይገባል፣ ኃይልም የሚቋረጥበት ጊዜ አለ። እንዲህ ሲሆን ባቡሩ በረሃ መሃል ቆሞ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ስንቃችሁን ስታሰሉ ከሚያስፈልጋችሁ ላይ የአንድ ጊዜ ምግብና የአንድ ሰው ውሃ ጨምሩ። ይቺ ጭማሪ ትርፍ ሆና ብትቀር ለነዳይ ትሰጣላችሁ፣ ብታስፈልግ ግን ቀኑን ሙሉ ታድናችኋለች።

እስከ ጣቢያው

የአዲስ አበባው የመንገደኛ ጣቢያ ፉሪ ለቡ ነው። ከደብረ ብርሃን የሚመጣ መኪና የሚያወርዳችሁ ላምበረት ነው። ላምበረት በአንድ ጫፍ፣ ለቡ በሌላው ጫፍ! 130 ኪሎ ሜትር ተጉዛችሁ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጣችሁ የጠዋት ባቡር እንደርሳለን ማለት ራስን ማሰቃየት ነው። አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡና ዘመድ ቤት እደሩ፣ ቢቻል ለቡ፣ ጀሞ ወይም መካኒሳ አካባቢ። ማደሩ ለስንቁም ይጠቅማል፣ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

የምንጃር ሰዎች፣ የአረርቲና የአካባቢዋ፣ እናንተ አዲስ አበባ መግባት የለባችሁም። ሞጆ ወይም አዳማ ወርዳችሁ እዚያው መሳፈር ትችሉ ይሆናል። ባቡሩ ሁለቱም ጋ ጣቢያ አለው። ብቻ ጣቢያዎቹ ከከተማ ወጣ ስለሚሉ የባጃጁን ሰዓት አስቡበት።

ባቡሩ የሚነሳበት ቀንና ሰዓት ይለዋወጣል። ከቤት ሳትወጡ ደውላችሁ ወይም ሰው ልካችሁ አጣሩ። መታወቂያ አትርሱ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለሚነግሠው ለቁልቢ ገብርኤል ከሆነ ደግሞ ትኬቱን በጊዜ ቁረጡ፣ በዚያ ሰሞን ቦታ ማግኘት ከባድ ነው። መግቢያ ላይ ፍተሻ ስላለ ትልቅ ቢላ ይዛችሁ አትምጡ። ዳቦውን ቤት ቁረጡት።

ስንቁ

እዚህ ላይ ልቆይ ነው፣ ምክንያቱም ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው።

ባቡር ውስጥ ሰው ብቻውን አይበላም። መቀመጫው ፊት ለፊት ያስተያያችኋል፣ ጉልበት ለጉልበት ትነካካላችሁ። አገልግላችሁን ስትከፍቱ "እንብላ" ማለት አለ። አጠገባችሁ ያለው ማን እንደሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ አታውቁም። ክርስቲያን ይሆናል፣ ሙስሊም ይሆናል፣ ጾም የያዘ ይሆናል። ሥጋ ካወጣችሁ የማን እርድ ነው የሚል ነገር ይመጣል፣ ሰውየው በአክብሮት "ይመስገን" ብሎ ፊቱን ወደ መስኮት ያዞራል፣ እናንተም እየተሳቀቃችሁ ትበላላችሁ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ ወይም የጾም ዳቦ ካወጣችሁ ግን ሁሉም እጁን ይዘረጋል። ስለዚህ ለባቡር ስንቅ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው፦ ፍስክም ቢሆን የጾም ስንቅ ያዙ። የሚያጣላ ነገር የለውም፣ ቶሎ አይበላሽም፣ ፉርጎውን በሽታ አይሞላም።

ለታኅሣሥ ቁልቢ የምትሄዱ እንኳን ምርጫ የላችሁም። ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ነው። የሐምሌ 19ኙ ከሐዋርያት ጾም በኋላ ስለሚውል፣ ረቡዕና ዓርብ ካልሆነ፣ ፍስክ ነው። ምክሬ ግን ለሱም ያው ነው።

አሁን አንድ በአንድ እንሂድ።

በሶ የባቡር ምግብ ንጉሥ ነው። ግን ቤት በጥብጣችሁ በሃይላንድ ሞልታችሁ አትምጡ። ሜኤሶ ሳትደርሱ ይቦካል፣ ክዳኑን ስትከፍቱም ልብሳችሁ ላይ ይፈነዳል። ዱቄቱን በደረቁ ያዙ። ስኳሩን ወይም ጨውን ለብቻ በትንሽ ላስቲክ ቋጥሩ። መጠጣት ስትፈልጉ በአፈ ሰፊ ጠርሙስ መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ዱቄት፣ ከዚያ ውዝወዛ። ዱቄቱን ካስቀደማችሁ ሥር ላይ ይጠጥርና አልነቃነቅ ይላል።

ጭብጦ የምትወዱ በሶውን በውሃ ሳይሆን በዘይት ወይም በማር እሹት። ጨው ጣል፣ ሚጥሚጣ ጣል፣ በጡጫ ልክ አድበልብሉና በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉት። በውሃ የታሸው በሙቀት ይሻግታል። የዘይቱ ቀኑን ሙሉ ይውላል። ሁለት ጭብጦና አንድ ብርጭቆ ሻይ አንድ አዋቂን እስከ ማታ ያቆመዋል።

ቆሎው ገብስና ስንዴ ይብዛበት። ሱፍና ኦቾሎኒ ጨምሩ፣ ያጣፍጠዋል። ሽምብራና ባቄላ ግን ቀንሱ። የምንጃር ሰዎች እንዳትቀየሙኝ፣ ሽምብራችሁ ጥሩ ነው፣ ብቻ ብዙ ሰዓት ተቀምጦ ለሚውል ሆድ አይሆንም፤ ይነፋል። ጥርስ ለሌላቸው አባቶችና እናቶች ቆሎ አትስጡ፣ በሶ አድርጉላቸው። ትንንሽ ልጆችም ባቡሩ እየተንገጫገጨ ኦቾሎኒና ቆሎ እንዳይበሉ፣ ሊያንቃቸው ይችላል። ለእነሱ ዳቦው ይሻላል።

ድፎ ዳቦ በዋዜማው ይጋገር። ጥቁር አዝሙድ ይግባበት። ዋናው ቁም ነገር ግን ይሄ ነው፦ ሳይቀዘቅዝ አትጠቅልሉት። ትኩስ ዳቦ በፌስታል ከታሰረ ያልበዋል፣ ያላበው ደግሞ በማግስቱ መሽተት ይጀምራል። በደንብ ቀዝቅዞ፣ ተቆርጦ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነው የሚገባው። እንጀራም እንዲሁ ነው። ፌስታል ለእንጀራ ጠላት ነው።

እንጀራ የግድ ካላችሁ ድርቆሽ ፍርፍር ያዙ። ድልህ ወይም አዋዜ በዘይት አቁላሉ፣ ድርቆሹን በትንሹ አርሱት፣ ጠጠር ይበል። ሽንኩርቱ በደንብ ይብሰል፣ ቲማቲም አይግባበት። ቲማቲም የገባበት ፍርፍር ቶሎ ይኮመጥጣል። በፍስክ ሥጋ ካላችሁ ያለ ቋንጣ አይሆንም፣ በደንብ የደረቀ ቋንጣ።

የማትይዙትን ደግሞ ልንገራችሁ። ክትፎ፣ አይብ፣ ወተት፣ እርጎ፣ ዓሣ፣ ዶሮ ወጥ፣ ጥሬ ሰላጣ። ደብረ ብርሃን ላይ ወጥ ጠረጴዛ ላይ አድሮ ጠዋት ይበላል፤ ብርዱ ይጠብቀዋል። እሱን ልማድ ይዛችሁ ቆላ አትውረዱ። የበሰለ ምግብ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ሲቆይ ጀርም ይራባበታል። የምግብ ደህንነት ባለሙያዎች የሚሉት በዚህ ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ አታቆዩ ነው፤ አየሩ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ። አዋሽን አልፋችሁ ያለው አየር ይህን በቀላሉ ያልፋል። ስለዚህ እርጥብ ወጥ ከያዛችሁ ጠዋት፣ ደጋው ላይ ሳላችሁ ብሉትና ጨርሱት። ከቀረ አይበላ። "ያሳዝናል" ተብሎ የሚበላ ወጥ ባቡር ውስጥ ሽንት ቤት ሲያመላልስ ማየት ነው የሚያሳዝነው።

ማደሩ ለስንቁ ይጠቅማል ያልኳችሁ ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ያደራችሁበት ቤት ፍሪጅ ካለ፣ ማታ አንድ ሁለት ሃይላንድ ውሃ በረዶ አድርጉ። እስከ አፉ አትሙሉት፣ በረዶ ሲሆን ያብጣል። ጠዋት በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከምግቡ ጋር በአንድ ቦርሳ አስቀምጡት። ምግቡን እስከ ቀትር ያቀዘቅዛል፣ ሲቀልጥ ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ ይሆናችኋል።

ሌላው ዓለም ይህን ጉዳይ በየራሱ ዘዴ ፈትቶታል። በሳይቤሪያ መስመር ላይ የሩሲያ ባቡሮች በየፉርጎው የፈላ ውሃ ማሞቂያ አላቸው፣ የቻይናዎቹም እንዲሁ፤ ሰዉ ደረቅ ነገር ይዞ ገብቶ በፈላ ውሃ ያርሰዋል። ጃፓን ጣቢያ ላይ የሚሸጠው የታሸገ ምሳ ቀዝቅዞም እንዲጣፍጥ ተደርጎ የሚሠራ ነው። ህንድ ውስጥ በስልክ ታዝዙና ባቡሩ የሆነ ጣቢያ ሲደርስ ምግቡ መቀመጫችሁ ድረስ ይመጣል። እኔ ከሁሉም የምመኘው የፈላ ውሃውን ነው። በሶና ድርቆሽ ለያዘ የሸዋ ሰው የፈላ ውሃ ካለ ሌላ ምን ያስፈልገዋል! የባቡሩን ሥራ የምትመሩ ሰዎች ይህን ብታነቡ፣ ትልቅ ወጥ ቤት ከመክፈት በፊት በየፉርጎው ሙቅ ውሃ ይኑር እላለሁ። የአዋሽ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐራ ገበያ መስመርም ሰው ማመላለስ ሲጀምር በእኛው ቆላ፣ በሸዋ ሮቢት በኩል ነው የሚያልፈው። ያኔ ጣቢያው ላይ በንጽሕና የታሸገ በሶና ዳቦ ቆሎ ይዘው የሚቆሙ እናቶችን ማየት እፈልጋለሁ።

እስከዚያው ፔርሙዝ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱን ፔርሙዝ ሻይ፣ ሁለት ከሆናችሁ ሌላውን ሙቅ ውሃ። ሻዩ ውስጥ ዝንጅብል ጣል አድርጉበት፣ መንገድ ለሚያጥወለውለው ሰው ጥሩ ነው። ቡና በብዛት አትጠጡ። አረቄን ቤት ተዉት፤ በሙቀት ላይ አረቄ ውሃችሁን ያደርቀዋል፣ የጎረቤታችሁንም ሰላም ይነሳል።

ውሃ

ደጋ ላይ ያደገ ሰው ውሃ መጠጣት አይወድም። ብርዱ አያስጠማም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ድሬዳዋ 1,200 አካባቢ። በአንድ ሁለት ቀን ይህን ሁሉ ስትወርዱ ሰውነታችሁ ገና ደጋ ያለ ይመስለዋል፣ ላባችሁ ግን ይወርዳል። ራስ ምታት ሲጀምራችሁ፣ ሽንታችሁ ሲጠቁር፣ ልጁ ሲነጫነጭ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ውሃ ነው። ለአንድ አዋቂ ከሁለት ሊትር ተኩል እስከ ሦስት ሊትር ያዙ። አንዴ ጠጥታችሁ አትጨርሱት፣ በየግማሽ ሰዓቱ ጉንጭ ጉንጭ አድርጉ።

"ሽንት ቤት እንዳያመላልሰኝ" ብላችሁ ውሃ የምትከለከሉ እናቶች፣ እባካችሁ ይቅርባችሁ። ባቡሩ ሽንት ቤት አለው። ሶፍት፣ ሳሙናና መታጠቢያ ውሃ ይዛችሁ ግቡ። ሰው ሲሰለፍ ሳይሆን ገና በጠዋት፣ ንጹሕ ሳለ መሄድ ይሻላል። ጣቢያ ላይ ሲቆም ሊቆለፍ ስለሚችል ከመድረሱ በፊት አስቡበት።

ኦአርኤስ፣ ለተቅማጥ በውሃ የሚበጠበጠውን ዱቄት፣ ከፋርማሲ ገዝታችሁ ያዙ፣ ዋጋው ምንም አይደለም። ከሌለ ደግሞ ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ማንኪያው ልሙጥ ይሁን፣ ጨው በዛ ማለት ለልጅ አደገኛ ነው። ሆዱ ለተበጠበጠ ሰው እያስጎነጫችሁ ትወርዳላችሁ።

ስለ ጠርሙስ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ደጋ ላይ ጥብቅ አድርጋችሁ የዘጋችሁት ባዶ ወይም ግማሽ ሃይላንድ ቆላ ስትደርሱ ጭምድድ ይላል። የአየሩ ግፊት ነው፣ ምንም አይደለም። በመልሱ ግን ተቃራኒው ነው። ድሬዳዋ ላይ የዘጋችሁት ዘይት ወይም ሽቶ ወደ ላይ ስትወጡ ከውስጥ ይገፋና በክዳኑ ያፈሳል። ዘይት፣ ማር፣ አዋዜ የመሳሰለውን በሁለት ላስቲክ አድርጋችሁ፣ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ልብስ ያለበት ሻንጣ ውስጥ በፍጹም።

መቀመጫና ገላ

ቦታ መምረጥ ከቻላችሁ የፉርጎውን መሃል ምረጡ። ጫፍና ጫፉ መንኮራኩሩ ላይ ስለሆነ ይንጣል፣ በሩና ሽንት ቤቱም እዚያ ነው። መንገድ የሚያጥወለውላችሁ ባቡሩ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ፊታችሁን አድርጋችሁ፣ መስኮት አጠገብ፣ ሩቅ ሩቁን እያያችሁ ሂዱ። ስልክ ላይ አታፍጥጡ። መስኮቱ ግን የፀሐዩ ጎን ሊሆን ይችላል። ነጠላ ወይም ሻሽ ይዛችሁ ጋርዱበት።

ልብስ ደራርቡ። ጠዋት ከደጋ ስትነሱ ጃኬትና ጋቢ ያስፈልጋል፣ ቀትር ላይ ሸሚዝ ይበቃል። ወፍራም ሹራብ አንድ ብቻ ለብሶ ከውስጥ ምንም የሌለው ሰው ቆላ ላይ ይጨነቃል፣ ማውለቅም አይችል። ጋቢውን አትናቁት፦ ሲታጠፍ የወገብ ትራስ ይሆናል፣ መቀመጫ ላይ ሲነጠፍ ያለሰልሳል፣ ልጅ ሲተኛ ይለብሰዋል። የመንዝ ባና ወይም ዝተት ግን ለባቡር ከባድ ነው፣ ለቤት ተዉት። ለቁልቢ የምትሄዱ ጋቢው የግድ ነው፣ ድሬዳዋ ቢሞቅም ቁልቢ ደጋ ነው፣ ሌሊቱ ይበርዳል።

ጫማ ሰፋ ያለ አድርጉ። እግር ተቀምጦ ሲውል ያብጣል። ከአራት ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ እግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል፣ በተለይ ነፍሰ ጡሮች፣ ትልልቅ ሰዎችና በቅርብ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሰዎች ይጠንቀቁ። ከአውቶቡስ ይልቅ የባቡር ትልቁ ጸጋ ተነስቶ መሄድ መቻሉ ነው። ተጠቀሙበት እንጂ! በየሰዓቱ ተነስታችሁ ፉርጎውን አንዴ ወዲያ ወዲህ በሉ። መነሳት ያልቻሉ ቁርጭምጭሚታቸውን ያዙሩ፣ ጣታቸውን ወደ ላይ ወደ ታች ያድርጉ።

ስኳር ያለባችሁ መድኃኒታችሁን በእጅ ቦርሳ እንጂ በሻንጣ አታድርጉ። ኢንሱሊን ሙቀት አይወድም፣ በረዶም አይወድም። ከዚያ የበረዶ ሃይላንድ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ ይሁን፣ ግን በፎጣ ተጠቅልሎ፣ በረዶውን እንዳይነካ። ባቡሩ ቢዘገይ ስኳራችሁ እንዳይወርድ ከረሜላ ወይም ጁስ በኪስ ይኑር። የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ መጠኑን ለመንገድ ብላችሁ አትለውጡ፣ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ጡት የሚጠባ ልጅ ካላችሁ ጡቱን አብዙለት፣ የጡጦ ወተት በጥብጣችሁ አትያዙ። ዱቄቱን ለብቻ፣ የፈላውን ውሃ በፔርሙዝ ለብቻ፤ የምትበጠብጡት ሊጠባ ሲል ነው፣ የተረፈው ይደፋል።

አበላልና ጎረቤት

ቁርስ ከመሳፈራችሁ በፊት በሉ፣ ቀለል ያለ። ከዚያ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ። አንዴ ጠግቦ መተኛት በሙቀት ላይ ያስጨንቃል። እጅ መታጠቢያ ውሃ ሁልጊዜ ስለማይኖር ትንሽ ጀሪካን ወይም የተረፈ ሃይላንድ ለእጅ ለዩ፣ ሳኒታይዘርም ይኑር። ቆሎ ስታቀርቡ ሰው ሁሉ እጁን ከሚከትበት በማንኪያ ወይም በክዳን እየሰፈራችሁ መዳፉ ላይ አድርጉለት። ያው እንብላ ነው፣ ግን ንጹሕ።

ወሩ ረመዳን ከሆነ አጠገባችሁ የጾመ ሰው ሊኖር ይችላል። አትብሉ አይባልም፣ ግን ዘወር ብሎ መብላት ያምራል። ፀሐይ ስትጠልቅ ባቡሩ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ትንሽ ተምርና አንድ ውሃ ብታቀብሉት የመንገዱ ትልቅ ስጦታ ነው። እሱም ዓርብ ቀን ለእናንተ የጾም ሳምቡሳ ፈልጎ ያቀብላችኋል፣ የድሬ ሰው እንዲህ ነው።

ቆሻሻውን በአንድ ፌስታል ሰብስቡ። በመስኮት አትወርውሩ። ፌስታል የበላች የአርብቶ አደር ላም ትሞታለች፣ እሱም የሚኖረው በእሷ ነው።

ስትደርሱና ስትመለሱ

ድሬዳዋ ስትወርዱ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ጥላ፣ ከዚያ ምግብ። የድሬዳዋው ጣቢያም ከመሃል ከተማው ራቅ ያለ ነው። ባጃጅ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ዋጋ ተስማሙ። ወደ ቁልቢ የምትቀጥሉ በዚያው ቀን ከምትጣደፉ ድሬዳዋ አድራችሁ በጠዋት ብትወጡ ገላችሁ ያመሰግናችኋል።

የመልሱ ስንቅ እዚያው ይገዛል። ተምርና ሐልዋ ሙቀት አይፈሩም፣ ለልጆችም ስጦታ ይሆናሉ። ሳምቡሳ ከገዛችሁ ሲጠበስ እያያችሁ ግዙ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥም ብሉት፤ ለቤት ብላችሁ አታቆዩት። ብርቱካንና ሙዝ ሳትልጡ ያዙ። ሙዝ ከላይ፣ ብርቱካን ከታች።

ጃኬትና ጋቢያችሁን ሻንጣ ውስጥ አትቅበሩ፣ ባቡሩ ወደ ደጋው ሲወጣ ታወጡታላችሁ። ለቡ የምትደርሱት አመሻሽ ወይም ማታ ከሆነ በዚያው ሌሊት ደብረ ብርሃን ልግባ አትበሉ። ቀን ላይ ደውላችሁ አልጋ ወይም ዘመድ ያዙ፣ ሾርባ ይሠራላችሁ። ጠዋት ላምበረት ሄዳችሁ በመጀመሪያው መኪና ትሳፈራላችሁ።